ከፈነዳ ኮልት እስከ 44 ማግነም፦ የኤልመር ኪዝ ጉዳይ

44 ማግነም የሚባለውን የሽጉጥ ጥይት የማያውቅ አሜሪካዊ አዳኝ የለም ማለት ይቻላል። ፋብሪካ አምርቶ ለገበያ ያቀረበው በ1956 መግቢያ ላይ ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ያህል በየሰው ቤት፣ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ በአንድ በእጅ ሲሞላ ኖሯል። ይህን ሥራ ከሁሉም በላይ የገፋው ሰው ኤልመር ኪዝ ነው። የከብት እረኛ፣ የአዳኞች መሪ፣ በኋላም ስለ መሣሪያ የሚጽፍ ሰው ነበር።

የእሱን ታሪክ የመረጥኩት በምክንያት ነው። ጥይት በቤቱ የሚሞላ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ባሩድ ነው። የኪዝ ጉዳይ ግን ጉልበት ያለው ጥይት መጀመሪያ የብረትና የቀለህ ጥያቄ እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የባሩድ መጠን ደግሞ እዚህ አልጽፍም። ኪዝ የሚጠቀምበት መጠን በዚያ ዘመን ቀለህ፣ በዚያ ዘመን ባሩድና በራሱ ሽጉጥ የተሞከረ ነው። ዛሬ የሚሞላ ሰው መጠኑን መውሰድ ያለበት ከባሩዱ አምራች የቅርብ ጊዜ ሰንጠረዥ ብቻ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ሥራውን ባጭሩ ልንገረው። ጥይት አራት ነገር ነው፤ የናስ ቀለህ፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ ተቀምጣ እሳት የምትሰጠው ትንሽ ቆብ ወይም ፕራይመር፣ ባሩዱ፣ እና የሚወረወረው አረር። ሲተኮስ ቀለሁ በግፊቱ ያብጥና ከጓዳው (ጥይቱ ከሚቀመጥበት የሽጉጡ ቀዳዳ) ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚከለክለው ይኸው ነው። ከተኩሱ በኋላ ናሱ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ቀለሁም ይወጣል። ሞይው፣ ማለትም ጥይቱን የሚሞላው ሰው፣ ቀለሁን አጽድቶና ስንጥቅ እንደሌለው አይቶ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ጨምቆ ወደ ልኩ ይመልሰዋል። ፕራይመሩን ይቀይራል፣ ባሩዱን በሚዛን ይለካል፣ አረሩን ያስቀምጣል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ሰው ለራሱ ጥይት ሲሞላ ፈቃድ አይጠየቅም፤ ለሽያጭ ከሆነ ግን የግድ ነው።

ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ላይ ግፊቱን የሚሸከመው ሲሊንደሩ ነው። በውስጡ ስድስት ጓዳ የተቆፈረበት ተሽከርካሪ ብረት ነው። የጓዳዎቹ ግድግዳ ስስ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

የጁላይ 4ቱ ፍንዳታ

ኪዝ በ1899 በሚዙሪ ተወለደ። ልጅ ሳለ በሞንታና በደረሰ ቃጠሎ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ግራ እጁም ተበላሽቶበት ነበር። ያም ሆኖ ያደገው ሽጉጥ ከወገቡ ሳይለይ ነው። በዚያ ዘመን በምዕራቡ የከብት አገር ለሚሠራ ሰው ሽጉጥ የሥራ ዕቃ ነበር። ፈረስ ወድቆ ጋላቢውን ሲጎትት፣ በሬ ሲያባርር፣ ርቆ ሲኬድም አውሬ ሲያጋጥም የሚያገለግለው እሱ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካው ጥይት የበለጠ ጉልበት መፈለጉ ከንቱ ጉራ አልነበረም።

መጀመሪያ የያዘው 45 ኮልት ነው። ከ1873 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ጥይት ነው፤ ሽጉጡም በየተኩሱ መዶሻው በእጅ የሚሳብለት፣ ታዋቂው ባለ አንድ እርምጃ ኮልት ነው። ኪዝ ለዚህ ሽጉጥ ከተለመደው የከበደ፣ ለጠመንጃ የተሠራ አረር ልኩን አስተካክሎ ሞላለት። ጥቁሩንም ባሩድ ፈጭቶ አላመው። ሁለቱም ነገሮች ግፊትን ይጨምራሉ። ከባድ አረር ቶሎ አይንቀሳቀስም፤ ጋዙ መሄጃ ሳያገኝ ይታመቃል። የላመ ባሩድ ደግሞ ከደቃቅነቱ የተነሳ በአንዴ ይነዳል። አንዱ ብቻውን ምናልባት ያልፍ ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው።

ጁላይ 4 ቀን 1925፣ የአሜሪካ የነጻነት ቀን፣ በዓሉን ለማክበር ወደ ሰማይ ሲተኩስ አንዱ ጥይት ከወትሮው የተለየ ድምፅ አሰማ። ጆሮው ሊደነቁር ምንም አልቀረውም። እጁ ግን ከልማዱ የተነሳ መዶሻውን መልሶ ስቦ ቃታውን ሳበ። ድምፅ የለም። ያኔ ነው ቆም ብሎ ሽጉጡን ያየው። የሦስት ጓዳዎች የላይ ግማሽ የለም። ከሲሊንደሩ በላይ የሚያልፈው የሽጉጡ ድልድይ ብረትም ተነቅሎ ሄዷል። አንድ ሙሉ ጥይትም አብሮ ጠፍቷል። ኪዝ ግን ያለ ከባድ ጉዳት ተረፈ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደርገው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል፣ ወይ ባሩዱን ትንሽ ቀንሶ በዚያው ይቀጥላል። ኪዝ ሁለቱንም አላደረገም። ጥያቄውን ከባሩዱ ወደ ብረቱ አዞረው። ትልቁ ብልሃቱ ይህ ይመስለኛል።

ሩብ ሚሊሜትር የሚሆን ብረት

የኮልቱ ሲሊንደር ውጫዊ ስፋቱ የተወሰነ ነው። በውስጡ የሚቆፈረው ጓዳ በሰፋ ቁጥር የሚቀረው ግድግዳ ይሳሳል። የ45 ኮልት ቀለህ ከጎን እስከ ጎን 12.2 ሚሊሜትር ያህል ነው። 44 ስፔሻል የሚባለው ሌላ ጥይት ቀለህ ደግሞ 11.6 ሚሊሜትር ገደማ። ልዩነቱ የወረቀት ያህል ይመስላል። ግን በሁለት ጓዳዎች መካከል ላለችው ስስ ግድግዳ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ብረት ይተርፋል፤ በውጭ በኩል ደግሞ ከሩብ ሚሊሜትር በላይ። በዚያ ላይ ሲሊንደሩ የሚቆለፍባቸው ትናንሽ ጎድጓዶች የተቀረጹት ልክ በጓዳው ግድግዳ ላይ ነው። ብረቱ በጣም የሚሳሳበት ቦታ እዚያ ነው። እዚያ ላይ ሩብ ሚሊሜትር ብዙ ነው።

44 ስፔሻል በ1907 አካባቢ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ከአዲስ ሽጉጥ ጋር ያወጣው ጥይት ነው። ጥሩ ተኩስ የነበረው፣ ግን ፋብሪካው በጣም ለስላሳ አድርጎ የሚሞላው ጥይት። 16 ግራም የሚጠጋ አረር በሰከንድ 230 ሜትር ገደማ ብቻ ይወረውር ነበር። ቀለሁ ውስጥ ቦታ አለ፤ የሽጉጡ ግድግዳ ይሻላል፤ ጥይቱ ግን በስንፍና ተሞልቷል። ኪዝ ወደዚህ ዞረ። በዓመታት ሥራም ያንኑ የሚያህል አረር በሰከንድ ወደ 365 ሜትር አደረሰው። ጉልበቱ ሁለት ተኩል እጥፍ ማለት ነው።

እንዴት? ሦስት ነገር ተገጣጠመለት።

አንዱ አረሩ ነው። ኪዝ በ1920ዎቹ መጨረሻ ራሱ ነድፎ የማቅለጫ ቅርጹ ለገበያ የወጣለት አረር እስከ ዛሬ ይቀለጣል። ቁጥሩ 429421 ነው። በቅርብ ቢያዩት ነገሩ ይገባል። አፍንጫው ጠፍጣፋ ነው። ከአፍንጫው በታች እንደ ደረጃ ስለት ያለው ትከሻ አለ፤ ወረቀት ሲመታ ጠርዙ ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ ይቆርጣል። ከትከሻው በታች ያለው ወፍራም ቀበቶ ከቀለሁ ውጭ ይቆምና በሲሊንደሩ ጉሮሮ ውስጥ ልክ ሆኖ ይገባል፤ አረሩ ወደ አፈሙዙ ሲዘል ቀጥ ብሎ እንዲገባ የሚያደርገው ይህ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የቀለሁ አፍ የሚታጠፍበት ጥልቅ ጎድጓዳ፣ ከሱ በታች ደግሞ የቅባት ጎድጓዳ። እርሳሱን ብቻውን አላቀለጠውም፤ 16 እጅ እርሳስ ላይ 1 እጅ ቆርቆሮ ጨመረ። ንጹህ እርሳስ በዚያ ፍጥነት አፈሙዙ ውስጥ እየተላጠ ይቀራል።

ሁለተኛው ባሩዱ ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሄርኩለስ የተባለው ኩባንያ 2400 የሚባል ባሩድ አወጣ። የታሰበው ለትናንሽ የጠመንጃ ጥይቶች ነበር። ከሽጉጥ ባሩዶች ይልቅ ዝግ ብሎ ይነዳል። ፈጣን ባሩድ ግፊቱን በአንድ ምት ሽቅብ ይሰቅለዋል፤ አረሩ ገና ከቀለሁ ሳይወጣ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። ዝግ የሚለው ግን አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ ሲሄድ እየተከተለ ይገፋዋል። ስለዚህ በተመሳሳይ ከፍተኛ ግፊት የበለጠ ፍጥነት ያስገኛል። ሌላም በረከት አለው። መጠኑ በዛ ያለ ስለሆነ ቀለሁን በደንብ ይሞላል። ሰው ረስቶ ሁለት ጊዜ ቢጨምር ባሩዱ ከአፉ ይፈሳል፤ ስህተቱ በዓይን ይታያል። ትንሽ ፈጣን ባሩድ ሲሆን ግን እጥፉ ቀለሁ ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። በቤት ከተሞሉ ጥይቶች ሽጉጥ ሲፈነዳ ከሚጠረጠሩት ነገሮች ቀዳሚው ይህ እጥፍ ባሩድ ነው።

ሦስተኛው የቀለሁ ቂጥ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለው። የድሮ ቀለሆች ቂጣቸው ባዶ ነበር። ፕራይመሩ የሚቀመጥበት ጽዋ ወደ ውስጥ እንደ ጉብታ ይወጣል፤ ዙሪያው ስስ ናስ ነው፤ ባሩዱም በጉብታው ዙሪያ ይሰፍራል። ቦታ ይበዛዋል፤ ጥንካሬ ያንሰዋል። በኋላ የመጡት ደንዳና ቂጥ ያላቸው ቀለሆች ናቸው፤ መሠረታቸው ሙሉ ናስ ነው። ጠንካራ ናቸው። ግን ውስጣቸው ጠበበ ማለት ነው። የድሮውን የባሩድ መጠን አዲሱ ቀለህ ውስጥ ብትጨምረው ያው ባሩድ በጠበበ ቦታ ይነዳል፤ ግፊቱ ይጨምራል። ኪዝ ይህን አውቆ በደንዳናው ቀለህ መጠኑን ቀነሰ። እስቲ አስቡት፤ ቀለሁ ጠንካራ ሆነ፣ መጠኑ ግን መቀነስ ነበረበት። ከአሮጌ ጽሑፍ መጠን የሚገለብጥ ሰው አደጋ ላይ የሚወድቀው በዚህ ነው። በውጭ ሲያዩአቸው ሁለቱ ቀለሆች አንድ ናቸው።

ፋብሪካዎቹ የፈሩት

ኪዝ ብቻውን አልነበረም። 44 አሶሺዬትስ የሚባል የሞይዎች ስብስብ ልምዱን በደብዳቤ ይለዋወጥ ነበር። ኪዝ ደግሞ በመጽሔት እየጻፈ ፋብሪካዎችን ይወተውታል፤ ይህን ጥይት አውጡልን ይላል። መልሱ ለረጅም ጊዜ እምቢታ ነበር።

ኪዝን የሚወድ ጸሐፊ ሁሉ ፋብሪካዎቹን ፈሪ አድርጎ ይስላቸዋል። እኔ አልስማማም። በአገሩ ላይ ከ1907 ጀምሮ የተሠሩ የ44 ስፔሻል ሽጉጦች ተበትነዋል። አንዳንዱ ጥሩ ብረት ነው፣ አንዳንዱ አሮጌና ያለቀለት ነው። ኪዝ የሚሞላው ለራሱ፣ ለሚያውቀው ሽጉጥ ነው። ፋብሪካ ግን ካርቶኑን ማን እንደሚገዛውና የት እንደሚጨምረው አያውቅም። ዛሬ በአሜሪካ የጥይት አምራቾች ደረጃ የ44 ስፔሻል ከፍተኛ ግፊት 15,500 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ነው። የ44 ማግነም 36,000። ይህን በዚያ ሽጉጥ ውስጥ መተኮስ ኮልቱን ያፈነዳውን ታሪክ በየቤቱ መድገም ነው።

መፍትሔው ቀድሞ ነበር። በ1935 ስሚዝ ኤንድ ዌሰንና ዊንቸስተር 357 ማግነም የተባለውን ሌላ የሽጉጥ ጥይት ሲያወጡ የአሮጌውን የ38 ስፔሻል ጥይት ቀለህ ከአንድ ስምንተኛ ኢንች ትንሽ በልጦ አስረዘሙት። በጓዳው ፊት ቀለሁ የሚያቆምበት ጠርዝ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጉሮሮ ጠባብ ነው። የረዘመው ቀለህ እዚያ ይገታል፤ ሲሊንደሩም አይዘጋም። ስለዚህ አዲሱ ጥይት በአሮጌው ሽጉጥ አይገባም። አሮጌው ጥይት ግን በአዲሱ ሽጉጥ ይገባል። ማስጠንቀቂያ ማንበብ አያስፈልግም፤ ብረቱ ራሱ ይከለክላል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኪዝ ሬሚንግተንንም ስሚዝ ኤንድ ዌሰንንም አነጋገረ። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ፕሬዝዳንት ካርል ሄልስትሮም ነበር። ሬሚንግተን ጥይቱን፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሽጉጡን ለመሥራት ተስማሙ። የ44 ስፔሻል ቀለህ 29.5 ሚሊሜትር ነው። አዲሱን 32.6 አደረጉት፤ 3 ሚሊሜትር ትርፍ። እነዚህ 3 ሚሊሜትሮች ለባሩድ ቦታ ለመጨመር የመጡ አልነበሩም። የኪዝ ጥይት በአጭሩ ቀለህም ይሠራ ነበር። የመጡት ደካማውን ሽጉጥ ለመጠበቅ ነው።

ሽጉጡንም እንዲሁ አልተዉትም። መጀመሪያ የ44 ስፔሻል ሽጉጣቸውን ጓዳ አሻሽለው ሞከሩት። የኋላ ምቱ ከበደ። ስለዚህ ሲሊንደሩን አስረዘሙ፣ አፈሙዙን አወፈሩ፣ የብረቱን የሙቀት አያያዝ ቀየሩ። ክብደቱ ወደ 1.35 ኪሎ ደረሰ። የመጀመሪያው ሽጉጥ በ1955 ዲሴምበር መጨረሻ ተጠናቀቀ፤ በተከታዩ ወር ለሕዝብ ተነገረ። ከ1957 ጀምሮ ሞዴል 29 የሚል ቁጥር ያዘ። ሩገርም በዚያው በ1956 የራሱን 44 ማግነም ይዞ ገበያ ገባ።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ኪዝ ለፋብሪካ የጠየቀው በሰከንድ 365 ሜትር ገደማ ነበር። ሬሚንግተን ከዚያ አልፎ ከ400 በላይ አደረገው። ብዙ ገዢ ጥቂት ጥይት ተኩሶ እጁን እያሻሸ ሽጉጡን መልሶ ሸጠው። ያኔ በቤት መሙላት የተገላቢጦሽ ሥራ አገኘ። ሰው ጉልበት ለመጨመር ሳይሆን ለመቀነስ መሙላት ጀመረ። ዛሬም ከ44 ማግነም ሞይዎች ብዙዎቹ ለልምምድ የሚሞሉት ለስለስ ያለውን ነው።

መቀነስም ግን ሕግ አለው። አንዳንድ በጣም ዝግ የሚሉ ባሩዶች ከአምራቹ መጠን በታች ሲወርዱ በወጉ ላይነዱ ይችላሉ። አረሩ አፈሙዙ መሃል ይቀራል። ተኳሹ ድምፁ እንደቀነሰ ልብ ሳይል የሚቀጥለውን ከተኮሰ አፈሙዙ ይፈነዳል። ድምፁ ያነሰ ተኩስ ሲሰማ ማቆም፣ ሽጉጡን ማራገፍ፣ አፈሙዙ ክፍት መሆኑን ማየት ግድ ነው።

የኋላ ምቱም ሌላ ጣጣ አለው። ሽጉጡ ወደ ኋላ ሲመታ ቀለሆቹን ይዟቸው ይሄዳል፤ በውስጣቸው ያሉት ከባድ አረሮች ግን ባሉበት ሊቀሩ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከተኩስ ተኩስ ከቀለሁ እየሾለኩ ይወጣሉ። አንዱ ከሲሊንደሩ ፊት ብቅ ካለ ሲሊንደሩ አይዞርም። ድብ ፊት ለፊት ቆሞ ሽጉጥ መቆለፍ ማለት ነው። ኪዝ በአረሩ ላይ ያን ጥልቅ ጎድጓዳ ያስቀረጸው ለዚህ ነው፤ የቀለሁ አፍ ወደ ውስጥ ተጣጥፎ አረሩን አጥብቆ ይይዘዋል። የሚሞላ ሰው ይህን ማጠፍ በደንብ ሠርቶ እንደሆነ የሚያውቀው ሽጉጡን ሞልቶ፣ ከአንዱ በቀር ሁሉንም ተኩሶ፣ የመጨረሻውን አውጥቶ ርዝመቱን ሲለካ ነው።

ሽጉጡ ራሱም ገደቡን አሳይቷል። በ1970ዎቹና 80ዎቹ በብረት ዒላማ የሚወዳደሩ ተኳሾች ከባድ አረር እየሞሉ በሺዎች ሲተኩሱ ሞዴል 29 መላላት ጀመረ። በኋላ ምቱ ሲሊንደሩ ከመቆለፊያው እየተላቀቀ ወደ ኋላ ይዞር ነበር። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1980ዎቹ መጨረሻ የሽጉጡን ውስጥ አጠናከረ። 45ን ያልተወው የሽጉጥ ባለሙያ ዲክ ካሱል ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሌላ መንገድ ሄዷል። ስድስቱን ጓዳ አምስት አደረገው። አንድ ጓዳ ሲቀነስ ለቀሩት ግድግዳ ተረፈ። 454 ካሱል የተባለው ጥይት ዛሬ እስከ 65,000 ፒ.ኤስ.አይ. ይሸከማል። ቀለሁም ከ45 ኮልት የረዘመ ነው፤ ያው የ357ቱ ዘዴ።

አሁንም ክፍት የቀረ ቀዳዳ አለ። የኪዝን የ1930ዎቹ ጥይት የሚወዱ ሞይዎች እስከ ዛሬ በ44 ስፔሻል ቀለህ ጠንከር ያለ ጥይት ይሞላሉ። በጠንካራ ሽጉጥ ያስኬዳል። ግን ያ ጥይት ቂጡ ላይ የተጻፈበት 44 ስፔሻል ነው፤ መቶ ዓመት በሞላው ሽጉጥም ያለ ምንም ችግር ይገባል። ሞይው ሲሞት ወይም ዕቃው ሲሸጥ ካርቶኑ ወደማያውቀው ሰው ይሄዳል። በእኔ እምነት ጠንካራውን ጥይት የሚፈልግ ሰው በረጅሙ ቀለህ ይሙላው፤ የሚቀንሰውም በዚያው ሊቀንስ ይችላል። በአጭሩ ቀለህ የሚቀመጠው ለማንኛውም 44 ስፔሻል የሚሆን ጥይት ብቻ መሆን አለበት። ካርቶኑ ላይም የባሩዱ ስም፣ መጠኑ፣ የአረሩ ክብደት፣ የተሞላበት ቀንና የተሞላለት ሽጉጥ በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። ያልተጻፈበት በእጅ የተሞላ ጥይት በእጃችሁ ከገባ አትተኩሱት፤ አፍርሱትና ቀለሁን ብቻ አስቀሩ።